ገለባዎች ያልጨረሱት ዘፈን

«የቀለበት ጣትዎንም ይዘርጉልን» አለኝ በሲባጎ የሚለካው ሰውዬ።

ዘረጋሁለት። ጫፉ የለም፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መጋዝ ወስዶታል። ሰውዬው ጣቴን አገላብጦ አየና ለጓደኛው «ጻፈው» አለው። ሐውልት ሊሠሩለት የመጡት ይርዳው እኔ እንዳልሆንኩ ለአራተኛ ጊዜ ነገርኳቸው። ይርዳው ያ አጥሩን ተደግፎ የሚያየን ሽማግሌ ነው፣ እኔ ወንዳፍራሽ የምባል በር ሠሪ ነኝ አልኩ። ሁለቱ ለካኪዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። ታላላቅ ሰዎች እንዲህ እንደሚሉ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። በመመሪያቸው ሦስተኛ ገጽ ላይም «ባለዝናው አይደለሁም ማለቱ ለማንነቱ እንደ ማረጋገጫ ይቆጠራል» የሚል ተጽፏል። ነኝ ብል ኖሮ ትተውኝ ይሄዱ ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን ለክተው ሲባጎአቸውን ከጠቀለሉ በኋላ ነው።

ጋሽ ይርዳው ለምን ዝም ብሎ እንዳየን በኋላ ጠየቅሁት። ለሐውልት የሚሆነው ሥራ የለመደ እጅ ነው፣ የእኔ እጅ ከጊታርና ከጎመን በቀር ምን ይዞ ያውቃል አለኝ። ቀልዱን ወደድኩለት። ያ ቀልድ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁለታችንም አላወቅንም።

የአገሬን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ ለማያውቃት ስሟ ምንም አይጨምርለትም። እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠ ሰው ነኝ። ዛሬ በአገራችን መቋረጥ ትልቅ ክብር ነው፤ የእኔ ግን ከዘፈኑ በፊት የተቋረጠ ስለሆነ አይቆጠርልኝም።

ዘፈኑ የመጣው እንዲህ ነው። በከተማችን የኤሌክትሪክ ኃይል ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አራት ጎረምሶች ከሩቅ አገር ጊታርና ድምፅ ማጉያ አስመጥተው፣ እህል የሚያመላልሱት አህዮች ገለባ በሚበሉበት ዳስ ውስጥ ልምምድ ጀመሩ። ሲወጡ ጠጉራቸው ገለባ ለብሶ ስለሚታይ ሰው «ገለባዎች» አላቸው፤ እነሱም ስሙን አልጠሉትም። መጀመሪያ ሰሞን ጊታሩ ሲያጓራ የሰሙ አንድ አዛውንት ባለ ወፍጮውን ጠርተው፣ ድንጋይህ ሳይሰነጠቅ አይቀርም፣ ሰው ሳይጎዳ አስወቅረው ብለው መከሩት። አብተው ይዘፍናል፣ ይርዳው ጊታር ይመታል፣ የቀሩት ሁለቱ ቤዝና ከበሮ ይጫወታሉ። ሁለቱ ቀድመው ስለሞቱ ነፍስ ይማር ብዬ አልፋለሁ።

አብተው ሽብሬ የምትባል እጮኛ ነበረችው። ቤቷ ያኔም ዛሬም ከእኛ ቤት በስተቀኝ ነው። ገለባዎች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሰባት ወር ሲጠፉ አብተው አንዲት ቃል አልላከባትም። ሲመለስ ደጇ ድረስ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፊቱን አዙሮ መጣና ዘፈን ጻፈ። እንዲህ ይጀምራል፦

በር ዘግተሽ ጠበቅሽኝ ከመንገድ ስመጣ፣
ምን ባጠፋ ይሆን ይህን ያህል ቁጣ።

ዘፈኑ ሦስት ክፍል አለው። ሁለቱ ክስ ናቸው፤ ስሟንም ይጠራሉ። ሦስተኛው ምን እንደሚል በቦታው እናገራለሁ።

ዘፈኑ መጀመሪያ የተሰማው ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለው ሜዳ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሕዝቡ መሐል ቆሜያለሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት አልሰማንም። ደረታችን ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ የሚጎስም ይመስል ነበር። ሁለተኛው ክፍል አልቆ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል፣ ባለ ወፍጮው የዕለቱን እህል ፈጭቶ ጨረሰና ኃይሉን አጠፋ። ክፋት አልነበረበትም። እህል ሲያልቅ ያጠፋል፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው።

ጊታሩ ሞተ። ከበሮ መቺው ዱላውን ወደ ላይ እንዳነሳ ደነገጠና ቀረ። አብተው ግን መዝፈኑን አላቆመም። ያለ ድምፅ ማጉያ ሦስተኛውን ክፍል እስከ መጨረሻው ዘፍኖታል። የሰማው የለም። ከፊት ያለው መደዳ ለአረጋውያን የተከበረ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ጆሯቸው ደክሟል። እኛ ከኋላ ያለነው አፉ ሲንቀሳቀስ አየን፤ ከሐዘን ብዛት ድምፁ የተዘጋ መሰለን። እጃችንን አናታችን ላይ ጭነን ቆምን። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልክድም። ከዚያ ማንም ሳይናገር ተሰልፈን ወደየቤታችን ሄድን። ዝምታው ሰባ ሰባት ትንፋሽ እንደፈጀ በኋላ በኮሚቴ ተወስኗል። እኔ አልቆጠርኩም፤ እያለቀሰ የሚቆጥር ማነው?

ገለባዎች በሚቀጥለው ከተማ ዘፈኑን ሙሉውን ተጫወቱት። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበርና ሦስተኛው ክፍል ሲጀመር ሕዝቡ ጀርባውን ሰጣቸው። አበላሹት ተባለ። ገንፎ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው ያሉም ነበሩ። በሦስተኛው ከተማ አቋረጡት፤ ሕዝቡ በትከሻው ተሸከማቸው። ከዚያ ወዲያ መጨረሻውን ያውቁታል፣ ግን ያቋርጡታል። ስማቸው ወንዝ ተሻገረ፣ ድንበርም ተሻገረ። ምስላቸው በጥጥ ካናቴራ ላይ፣ በክብሪት ቀፎ ላይ፣ በአንዳንድ ቤት ደግሞ የአያት ፎቶ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ዋለ።

ሰው ዝነኛን ይመስላል፤ አገርም እንደዚያው ናት። መጀመሪያ ሠርገኞች ዘፈን በመካከል ማቋረጥ ጀመሩ። ቀጥሎ ባለሥልጣኖች ንግግራቸውን በመካከል ያቋርጡ ጀመር፤ ይህ ከመጡልን ለውጦች ሁሉ የተሻለው ነው። ከእኔ በኋላ የተማሩ ልጆች የማባዣ ሠንጠረዥ የሚያውቁት እስከ ሰባት በስድስት ድረስ ብቻ ነው። በወንዛችን ላይ የተሠራው ድልድይ መሐል ድረስ ሄዶ ይቆማል። ሲመረቅ ነበርኩ። ሕዝቡ በሥነ ሥርዓት እስከ መሐል ከተራመደ በኋላ ተመልሶ፣ ጫማውን አውልቆ በመሻገሪያው ሄደ። ይህን ሁሉ የሚመራ የመቋረጥ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ሹሙ አቶ አጥናፉ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

እኔን የነካኝ የበር ደንብ ነው። በር መዝጋት ነውር ስለሆነ፣ ማንኛውም በር ሲገጠም አራት ጣት ያህል ክፍት እንዲቀር ታዘዘ። በር ሠሪ ሆኜ የማይዘጋ በር ስሠራ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ብርድ ይገባል። አገሩ በሙሉ ያስላል። አንድ ሰው ሳል ከሌለው ተደብቆ በሩን የሚዘጋ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ለትዳር የሚፈለግ ጎረምሳ ሽማግሌ ሲልክ ራሱም አብሮ ሄዶ ጥቂት ያስላል።

ዝግ በር ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የእትዬ ሽብሬ። ዘፈኑ እንደወጣ ሰሞን ጎረምሳው ሁሉ ደጇን እያንኳኳ ይሮጥ ነበር። አንኳኩቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። በኋላ ጽሕፈት ቤቱ በሩን ቅርስ አደረገው። ዘፈኑ እንደሚለው ለዘለዓለም ዝግ ሆኖ እንዲታይ ታዘዘ፤ እንዲያሽገውም የሰፈሩ አናጢ ተጠራ። አናጢው እኔ ነኝ። ሰባት ምስማር አዘዙኝ፣ ሰባት መታሁ። እሷ ውስጥ ነበረች። ስድስተኛውን ስመታ ከውስጥ ሆና፣ ቀስ አድርገው፣ ግድግዳው ይረግፋል አለችኝ።

በማግስቱ በሁለታችን መካከል ያለውን አጥር ሰው እንዲያሳልፍ አድርጌ ቀደድኩት። ከዚያ ጀምሮ በጓሮ መስኮቷ ወጥታ፣ በሽንቁሩ አልፋ፣ በእኔ ግቢ በኩል ነው ወደ ገበያ የምትሄደው። የውጭ ጎብኚዎች ከፊት ለፊት ሆነው በሩን ሲያዩ፣ እሷ ዘንቢሏን ይዛ ከኋላቸው ታልፋለች። አንድ ጊዜ አንዱ መንገድ አስለቅቋታል።

አብተው በዘፈኑ በስምንተኛው ዓመት በሳንባ ሕመም ሞተ። ከመሞቱ በፊት ይርዳውን አስጠርቶ አንድ ቃል ብቻ አለው። «ጨርሰው» አለው። ይርዳው እሺ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ሺህ ሰው ፊት ቆሞ አቋረጠው። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ። ጡረታ ወጥቶ ጎረቤቴ ከሆነ ወዲህ፣ ከቀትር በኋላ ጊታሩን ሳይሰካ ይዞ ይቀመጥና ሦስተኛውን ክፍል በለሆሳስ ይለዋል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሳንቃ በመላጊያ እልጋለሁ። የማልሰማው መስሎት ነው እንጂ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ።

እትዬ ሽብሬም ታውቀዋለች፤ አብተው በሕይወት ሳለ መጥቶ ነግሯት ነበር። ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ ዘፈኑ መጨረሻ አለው ብላ አመለከተች። የነገሩ ተጠቃሚ ስለሆነች ቃሏ እንደማይያዝ ተነገራት። ከዚህም ሌላ በዘፈኑ ላይ የሚጨምር ሰው የሙያ መሣሪያው ይወረስበታል የሚል ደንብ ወጣ።

ለካኪዎቹ በሄዱ በማግስቱ ሦስታችንም በእኔ ግቢ ተገናኘን። እሷ በሽንቁሩ እየገባች ነበር። ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት ሆኗል፤ ጉልበቷ ስለሚያማት አጥሩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ጋሽ ይርዳው የሚመጣው የዘፈኑ መታሰቢያ በዓል ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱ ስለሆነ እሱ ራሱ እንዲጫወት መታዘዙን ነገራት። የዚህን ጊዜስ እጨርሰዋለሁ አላት።

«ስትለው ነው የኖርከው» አለች፤ ቁጣ የለባትም። «እኔ ዘፈን አይደለም የጨነቀኝ፣ ይርዳው። ስሞት በየት ነው የሚያወጡኝ? ሣጥን በመስኮት አይወጣ። ወንዳፍራሽ፣ አንተ ታውቃለህ፣ በዚህ ሽንቁር ሣጥን ያልፋል?»

አይኔ ሳላዝዘው ሽንቁሩን ለካው። አያልፍም።

«ያው አያልፍም» አለችና ወደ ገበያዋ ሄደች።

ሐውልቱ በዓመቱ ደረሰ። ነሐስ ነው፤ ይርዳው ጊታሩን ይዞ ቆሟል፤ የግራ እጁ የእኔ ነው፣ ጫፍ የሌለው ጣቴ ሳይቀር። ሕዝቡ ይህን እንዴት እስከ ዛሬ ሳናውቅ ቀረን ብሎ ተደነቀ። ጎረምሶች የቀለበት ጣታቸውን በክር ማሰር ጀመሩ። የሙዚቃ ተማሪዎች ያን ጣት ሳያንቀሳቅሱ ጊታር መምታት ተለማመዱ። አዲስ ዓይነት ድምፅ ወጣ ይባላል፤ ሊያጠኑት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎችም አሉ። እኔ በዚያ ጣት መዶሻ እንኳ በደንብ አልይዝም።

የበዓሉ ዕለት ጋሽ ይርዳው የድሮ ኮቱን ለብሶ፣ ጊታሩን ይዞ፣ ከእኔ ጋር ወደ ሜዳው ሄደ። እትዬ ሽብሬ አልመጣችም፤ ምስር መልቀም አለብኝ አለች። በመግቢያው ላይ ሦስት አመሳካሪዎች የሐውልቱን እጅ በጂፕሰም አስቀርጸው ተቀምጠዋል። ጋሽ ይርዳው እጆቹን ዘረጋ። አሥሩም ጣቶች ሙሉ ናቸው።

«ዛሬ ጠዋት የመጡት አስመሳዮች እንኳ ጣታቸውን አስረው ነው የመጡት፣ አባባ» አለው አንደኛው በአዘኔታ። «እርስዎ መሞከር እንኳ አልፈለጉም።»

ጋሽ ይርዳው ስሙን ተናገረ፣ የሦስቱን ጓደኞቹን ስም ተናገረ፣ የዳሱን አህዮች ቀለም ሳይቀር ተናገረ። ሁሉም በመጽሐፍ የታተመ መሆኑን ነገሩት። ከዚያ የእኔን እጅ አዩ። ተነሥተው ቆሙ። እኔ ይርዳው አይደለሁም አልኩ፤ መመሪያው ላይ ሦስተኛ ገጽ እንዳለ ያስታወስኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ብብቴን ይዘው መድረክ ላይ አወጡኝ። ጋሽ ይርዳውን ከኋላ፣ ገመዱ ወዲያ፣ አስመሳዮቹ ጋ አቆሙት።

የሚጫወቱት ጣታቸውን ያሰሩ ወጣቶች ነበሩ። እኔ መጫወት አልችልም ስላልኩ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለቱ ክፍሎች አለቁ፤ የዛሬው ባለ ወፍጮ፣ የዚያኛው ልጅ፣ በዩኒፎርም ሆኖ ኃይሉን አጠፋ። ሕዝቡ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ሹም አጥናፉ የትንፋሽ ቆጠራውን ጀመሩ።

ስለ መጋዜ አሰብኩ። የአባቴ መጋዝ ነው፤ ጣቴን የበላኝም እሱ ነው፣ ልጆቼን ያሳደገልኝም እሱ ነው። ከዚያ ገመዱ ወዲያ ጋሽ ይርዳውን አየሁት። ጊታሩን ደረቱ ላይ ይዞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ልክ እንደ አብተው ያን ጊዜ። ድምፁ አይሰማም። የሣጥኑና የሽንቁሩ ልክ እንደገና አይኔ ላይ መጣ። ሠላሳኛው ትንፋሽ ላይ ይመስለኛል፣ ተነሣሁ። መዝፈን አልችልም፤ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው አልኩት፦

በሩ ገርበብ ነበር፣ አልተቀረቀረ፣
ሳልገፋው ተመለስኩ እጄ እያፈረ።
አንቺስ አልዘጋሽም፣ ስሚኝ ባገር ፊት፣
ደጁን የዘጋሁት እኔ ነኝ በሐሜት።

ድምፅ ማጉያ አላስፈለገኝም። ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ማለት የተለማመደ ሕዝብ እንደዚያ ይሰማል ብዬ አልገመትኩም። አንድ ሰው እንኳ አላሳለም።

ሹም አጥናፉ መቁጠራቸውን አቋርጠው ወደ እኔ መጡ። ጥቂት አሰቡና አጠገባቸው ላለው ጸሐፊ ነገሩን አስረዱት። ይህ ሰው ይርዳው ካልሆነ ሐውልቱ ስህተት ነው። ይርዳው ከሆነ ግን ቃሉ ትክክል ነው። ሐውልቱ አራት ኩንታል ነሐስ ነው፣ ተመርቋል፤ የዘፈኑ መዝገብ ግን ወረቀት ነው። መዝገቡ ይታረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ይርዳው ብዬ መፈረም እንዳለብኝ ነገሩኝ።

እስክሪብቶውን ይዤ ወደ ገመዱ አየሁ። ጋሽ ይርዳው ነገሩ ገብቶታል። የጊታሩን ማንገቻ ከትከሻው አወረደና ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ፈርም ማለቱ ነው። ፈረምኩ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገብ የገለባዎች ጊታር መቺ እኔ ነኝ። እሱ ጎመን የሚያበቅል ጎረቤቴ ነው።

ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄደም። ተከትሎን መጣ፤ መንገዱ ጠበበው። ቤቴ ገብቼ ጉጠት አመጣሁና የእትዬ ሽብሬን በር ሰባት ምስማር መንቀል ጀመርኩ። የራሴን ምስማር ያን ያህል አጥብቄ መምታቴን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ስድስተኛው ላይ ቀስ አልኩ፤ ግድግዳው እንዳይረግፍ። ሰባተኛው ዝጎ ስለነበር ተሰበረ፤ ግማሹ እስካሁን እንጨቱ ውስጥ አለ።

በሩ በራሱ ጊዜ አራት ጣት ያህል ተከፈተና ቆመ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። ሕዝቡ አየው፣ ሹሙ አዩት፣ እኔም ጉጠቴን ይዤ አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ገርበብ ያለ በር ፊት ቆሞ የሚከፍትለት ይጠብቃል። ከክፍተቱ ምስር ሰፌድ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

ጋሽ ይርዳው በሰው መካከል እየተጋፋ መጣ። ኮቱን አስተካከለ። እጁን ሁለት ጊዜ ዘርግቶ ሁለት ጊዜ መለሰ፤ በሦስተኛው ገፋው። እትዬ ሽብሬ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌዷ ጭኗ ላይ ነበር። ቀና ብላ እሱን አየች፤ ከእሱ በስተጀርባ አንገቱን ያሰገገውን አገር አየች።

«ሽብሬ» አላት የበሩ ደፍ ላይ እንደቆመ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት እኔ…»

ልማድ ክፉ ነው፤ እዚያው ላይ ቆመ። ጠበቅን። የቀረው አልመጣለትም።

እሷ ከምስሩ አንዲት ጠጠር ለቅማ ወደ ጎን ጣለች።

«አንዴውን ግባና ዝጋው» አለችው፣ «ብርድ አስገባህብኝ።»